የመተሐራ ጥቁር ድንጋይና የበሰቃ ውኃ በ1:87 ልኬት

ጥያቄው፦ «ነዋሪነቴ ጀርመን ነው። 120 በ60 ሴ.ሜ. በሆነ ሰሌዳ ላይ የድሮው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር መተሐራ አካባቢ በበሰቃ ሐይቅ ዳር ሲያልፍ የሚያሳይ ሞዴል በ1:87 እየሠራሁ ነው። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ባቡሩም ይሄዳል። መልክዓ ምድሩ ግን ስዊዘርላንድ እንጂ መተሐራ አልሆነልኝም። ጥቁሩ ድንጋይ የተቀባ ጀሶ መሆኑ ያስታውቃል፤ ግራሮቹ አበባ ጎመን መሰሉ፤ ለሐይቁ ያፈሰስኩት ሬዚን ነጣ፣ አንዱ ጥግ ላይም ሳይደርቅ ቀረ። አፍርሼ ልጀምር ወይስ ይድናል?»

ምላሽ፦

አያፍርሱት። ሐዲዱ በደንብ ከተነጠፈና ባቡሩ ሳይስት ከሄደ ከባዱ ሥራ አልቋል። ድንጋዩ ከላዩ ይሸፈናል፣ ግራሮቹ ተነቅለው በሌላ ይተካሉ፣ የነጣውም ሬዚን ሊድን ይችላል። ተፈቅፍቆ መውጣት ያለበት ያልደረቀው ጥግ ብቻ ነው፤ እሱ ወር ቢጠብቁትም አይደርቅም።

ነገሩ ስዊዘርላንድ የመሰለው እጅዎ ስላልሠራ አይደለም። ገበያ ላይ ያለው የሞዴል ባቡር ቁሳቁስ በአብዛኛው የተዘጋጀው ለአልፕስ ተራሮችና ለጀርመን ገጠር ነው። ሣሩ የግንቦት ሣር ነው፣ ዛፉ ክብ ነው፣ የድንጋይ ቅርጽ ማውጫው የሚያወጣው ንብርብር ያለውን የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ይህንን ከፓኬቱ እንደወጣ ካነጠፉት፣ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ የሚያገኙት ያንኑ አገር ነው። መተሐራን የሚያመጣው የቦታውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀለሙን ከፎቶው፣ መጠኑን ከስሌት መውሰድ ነው።

ከሁሉ በፊት ዘመኑን ይወስኑ፤ በሰቃ ላይ ዘመን ብዙ ነገር ይቀይራል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪ.ሜ. በላይ ሆኗል፤ መንገዱንና ሐዲዱን እየገፋ ስለመጣም መደባቸውን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። ውኃው ከሐዲዱ ሥር የደረሰበትና የደረቁ ግራሮች ውኃ ውስጥ የቆሙበት እይታ የኋለኛው ዘመን ነው። እዚያ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ካቆሙ ባቡሩና ሐይቁ ይጣላሉ፤ የሚስማማው የናፍጣው ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚ.ሜ. ስፋት ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ ምሰሶውና ሽቦው በዳራው ሥዕል ላይ እንኳ መታየት የለበትም። ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ቁጥቋጦም ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገደማ ቢሆንም በስፋት የተዛመተው ከዚያ በኋላ ነውና፣ 1980ዎቹን ከመረጡ በጭራሽ ባያስገቡት ይሻላል። በእንግሊዝ ኦክስፎርድሸር ያለው የፔንደን ሙዚየም በዓለም ከሚደነቁት የሞዴል ሥራዎች አንዱ የሆነው በዚሁ ጥብቅነት ነው። መሥራቹ ሮይ ኢንግላንድ አንድ ሸለቆ፣ አንድ ዘመን ማለትም 1930ዎቹን መረጠ፤ የሣር ክዳን ቤቶቹም በእውን ከነበሩ ቤቶች ተወስደው በ1:76 የተሠሩ ናቸው።

የሰሌዳው አከፋፈል ከደቡብ ወደ ሰሜን እንደሚያይ ሰው ይሁን፦ ፊት ለፊት ሐይቁ፣ መሐል ሐዲዱ፣ ከኋላው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዳራው ላይ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ። በ1:87 ልኬት 1 ሜትር 11.5 ሚ.ሜ. ነው። 3 ሜትር ከፍታ ያለው መደብ 34 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ አናቱ 4 ሜትር ስፋት ቢኖረው 46 ሚ.ሜ.፣ ጎንና ጎኑ በ1 ለ1.5 ሲያዘቀዝቅ እያንዳንዱ 52 ሚ.ሜ. ገደማ ይወስዳል። ድምሩ 15 ሴ.ሜ. ነው። ለሐይቁ 25፣ ለድንጋዩ 20 ይቀራል። ሐዲዱ ገና ሊነሳ የሚችል ከሆነ ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ አያድርጉት፤ በአንዱ ጫፍ 6 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ፊት ቢመጣ ዓይን ሰሌዳ መሆኑን ይረሳል። ከተጣበቀ ግን አይንኩት፤ የሐይቁን ዳርቻ መስመር ገባ ወጣ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛሉ።

ሐዲዱን በአጭሩ፦ የድሮው መስመር 1,000 ሚ.ሜ. ስለሆነ በልኬቱ 11.5 ሚ.ሜ. ይወጣል፤ የሚሸጠው 12 ሚ.ሜ. ነው፣ ልዩነቱን ዓይን አይለየውም። የሚታየው የሐዲዱ ቁመት ነው። የድሮው ሐዲድ ቀጭን ነበር፤ ኮድ 75 የሚባለው የሞዴል ሐዲድ ደግሞ 1.9 ሚ.ሜ. ቁመት ስላለው ይወፍራል። መድኃኒቱ የሐዲዱን ጎን ዝገት በሚመስል ደብዛዛ ቡናማ መቀባት፣ ከዚያ ጠጠሩን የተጋዳሚዎቹ አናት እስኪነካ ድረስ ከፍ ማድረግ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ የሐዲዱን አናት በጨርቅ ይጥረጉ። ጠጠሩ ደግሞ ለኤችኦ (ለዚሁ ለ1:87) ተብሎ የሚሸጠው ሳይሆን ከዚያ ለሚያንሰው ልኬት፣ ለኤን (1:160) የሚሸጠው ይሁን፤ እውነተኛው የ4 ሴ.ሜ. ጠጠር በዚህ ልኬት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ። እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ከፈንታሌ ግርጌ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ሲረጋ ገደል አልሆነም። የተሰባበረ፣ ስለታም፣ ቀዳዳ የበዛበት የድንጋይ ክምር ሆነ። ያፈሰሱት ጀሶ የቱንም ያህል በጥሩ ቀለም ቢቀባ የማያሳምነው ለዚህ ነው፤ ስህተቱ ከቀለሙ በፊት ቅርጹ ላይ ነው። ጀሶውን እንደ መሠረት ይተዉትና በላዩ ቡሽ ይጠቀሙ። ቡሽ በእጅ ሲቀደድ የሚያወጣው ፊት በትንሽ ቀዳዳዎች የተወጋጋ ስለሆነ የዚህን ድንጋይ ገጽ ከማንም በላይ ይመስላል። በምላጭ አይቁረጡት፤ ምላጭ ጠፍጣፋ ፊት ይተዋል፣ ጠፍጣፋው ፊት ደግሞ ከሩቅ ያብረቀርቃል።

120 በ20 ሴ.ሜ. ለሆነ ቦታ፣ በአማካይ 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ካሰቡ፣ 2 ሊትር የተፈረፈረ ቡሽ ይበቃል። በወንፊት ሦስት ቦታ ይለዩት። ከ10 እስከ 17 ሚ.ሜ. የሆነው አንድ አስረኛ፣ ከ4 እስከ 8 ሚ.ሜ. ሦስት አስረኛ፣ የቀረው ከዚያ የደቀቀ ይሁን። ትልልቆቹን ባልቀጠነ ኮላ፣ ግማሽ አካላቸው ተቀብሮ እንዲታይ፣ በቡድን በቡድን ይትከሉ። መካከለኛውን በክፍተቱ ይሙሉ፣ የደቀቀውን ከላይ በወንፊት ይንፉበት። ከዚያ በአልኮል አርጥበው አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ የቀጠነውን በስሪንጅ ያንጠባጥቡ። በመቶ ሚሊ ሊትር ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩበት፤ አለበለዚያ ኮላው ቡሹ ላይ ዶቃ ሠርቶ ይንከባለልና የደቀቀውን ይዞት ይሄዳል። ይኸው ድብልቅ ለሐዲዱ ጠጠርም ይሠራል። ከሰል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አይሻልም። ሲነካ ይደቃል፣ ዱቄቱ ሐዲዱ ላይ ይቀመጣል፣ ስብራቱም እንደ መስታወት ያበራል።

ቀለሙ ጥቁር አይደለም። ንጹሕ ጥቁር በቤት ብርሃን ሲያዩት ጥላውን ሁሉ ውጦ አንድ ጉድጓድ ይሆናል። ሁለት እጅ ጥቁር ቡናማ፣ አንድ እጅ ጥቁር፣ ትንሽ ሰማያዊ ደባልቀው ቀጠን አድርገው ሁለቴ ይቀቡ፤ ቡሽ ስለሚመጥ የመጀመሪያው ዙር ይጠፋብዎታል። ሲደርቅ ብሩሹን ሞቅ ያለ ግራጫ ነክረው፣ ቀለሙ የሌለበት እስኪመስል ወረቀት ላይ ይጥረጉትና የድንጋዮቹን ጫፍ ብቻ አለፍ አለፍ ብለው ይዳብሱ። ድንጋዩ ነፍስ የሚዘራው በዚች ቅጽበት ነው። ብሩሹ እርጥብ ከሆነ ግን ጫፉ ብቻ ሳይሆን ጉድጓዱም ይነጣና ሁሉም ነገር አመድ ይሆናል። ትዕግሥት እዚህ ላይ ይክፈሉ። በመጨረሻ በድንጋዮቹ መሐል፣ ነፋስ ያመጣው እንዲመስል፣ ትንሽ ገረጣ ያለ አፈር ይነስንሱ።

አፈሩን በተመለከተ፣ ዘመድ ከመተሐራ እንዲያመጣልዎ አይላኩ። ከኢትዮጵያ አፈር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ሦስት እጅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋና አንድ እጅ የሴራሚክ መገጣጠሚያ መሙያ ዱቄት፣ ግራጫና ፈዛዛ ቡናማ ቀላቅለው ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። መሙያው ውኃ ሲነካው ራሱን ይይዛል። ከደጅ የመጣ አሸዋ ከሆነ 120 ዲግሪ በሆነ ምድጃ 30 ደቂቃ ያድርቁት። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት ሦስት አራት ጊዜ ያዟዙሩበት። የሚጣበቀው ጥቁር ዱቄት ብረት አለበት፤ ካልወጣ የሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት አንድ በአንድ ይሰበስበውና ሞተሩን ያበላሻል።

ግራሩ። አበባ ጎመን የመሰለው በስፖንጅ ጉብታ ስለተሠራ ነው። የቆላው ግራር ጃንጥላ ነው፤ ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ፣ ከሥር ቀና ብለው ሲያዩ ሰማዩ የሚታይበት። 6 ሜትር ቁመት ያለው ግራር በዚህ ልኬት 70 ሚ.ሜ. ነው። የጃንጥላው ስፋት ከ90 እስከ 110 ሚ.ሜ. ይሁን፣ ውፍረቱ ግን ከ14 ሚ.ሜ. አይለፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፋቱን አይደለም፣ ውፍረቱን ነው።

ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ 0.25 ሚ.ሜ. ቀጭን የመዳብ ሽቦ 24 ዘለላ፣ እያንዳንዱ 14 ሴ.ሜ. ይቁረጡ። የታችኛውን 2 ሴ.ሜ. ለመትከያ ይተዉና ቀጣዩን 2 ሴ.ሜ. አንድ ላይ ይጠምዝዙ፤ ይህ ግንዱ ነው። ከዚያ ስምንት ስምንት አድርገው ለሦስት ይክፈሉት። እያንዳንዱን ወደ ውጭ አዘንብለው 15 ሚ.ሜ. ይጠምዝዙ፣ ለአራት አራት፣ ቀጥሎ ለሁለት ሁለት ይክፈሉ። ጫፎቹ ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን እጠፏቸውና የተረፈውን ይቁረጡ። ግንዱ ቀጥ ካለ የተተከለ ምሰሶ ይመስላል፤ ከሥሩ ትንሽ ዘንበል ያድርጉት። ሽቦነቱን የሚደብቀው ኮላና የተነፋ ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ተለውሶ የሚሠራ ሊጥ ነው፤ ግንዱ ላይ ሁለት ዙር፣ ቅርንጫፉ ላይ አንድ ዙር ይቀባል። ሲደርቅ ግራጫ ቡናማ ይቀቡት። የመጥምዘዣው መስመር አሁንም ከታየ ሊጡ ቀጥኗል፣ ይድገሙት።

ለቅጠሉ ለዚህ ሥራ የሚሸጠውን የፖሊስተር ጭረት እፍኝ የማይሞላ ያህል ይውሰዱና፣ ጋዜጣ ከሥሩ ቢያነቡበት ፊደሉ እስኪታይ ይሳቡት። ጃንጥላው ላይ አንጥፈው ዙሪያውን በመቀስ ያስተካክሉ፣ የፀጉር ስፕሬይ ነፍተው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነውን ደቃቅ ቅጠል ከላይ ብቻ ይነስንሱ። ቀለሙ አመድማ አረንጓዴ ይሁን። ለዚህ ሰሌዳ ከ9 እስከ 12 ግራር በቂ ነው። በእኩል ርቀት አይትከሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ውኃ የሚወርድበት ፈለግ ላይ ሰብሰብ፣ ሌላው ቦታ ባዶ። አንድ በጥንቃቄ የተሠራ ግራር ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ያንን ያህል ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም ሰው ሰሌዳውን ሲያይ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሣሩ ገለባማ ይሁን። አረንጓዴውን ከሳጥኑ አያውጡት። ግማሹ 2 ሚ.ሜ.፣ የቀረው 4 ሚ.ሜ. የሆነ፣ የስንዴ ነዶ የመሰለ ጭረት ቀላቅለው ኮላውን በነጠብጣብ ነጠብጣብ ብቻ ያኑሩ፤ ከመሬቱ ከግማሽ በላይ ባዶ አፈር ይቅር። በኤሌክትሪክ የሚያቆመው መሣሪያ ሣሩን ካስተኛው ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ኮላው ቆዳ አውጥቷል፣ ወይም የመሣሪያው ሽቦ ሚስማር እርጥቡን ኮላ አልነካም። በአንድ ጊዜ ከመዳፍ ያልበለጠ ቦታ ብቻ ይቀቡ፣ ሚስማሩንም እያዛወሩ ይትከሉ።

ዳራው ላይ ፈንታሌን ትልቅ የማድረግ ፈተና አለ። ተራራው 2,007 ሜትር ነው፣ መተሐራ ደግሞ 950 ገደማ፤ ስለዚህ ከሜዳው በላይ ወደ 1,000 ሜትር ይነሳል። ከ10 ኪ.ሜ. ርቀት እንደሚያዩት ካሰቡና ዳራው ከዓይንዎ 1 ሜትር ከራቀ፣ ሥዕሉ ላይ 10 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ነው የሚነሳው። ሰፊ፣ ዝርግ፣ አናቱ የተቆረጠ ይሁን፤ ቀለሙ ከሰማዩ ጥቂት የጠቆረ ሰማያዊ ግራጫ፣ ያለምንም ዝርዝር። ሰማዩ ወደ አድማስ ሲወርድ ይገርጣ። የአድማሱ መስመር ከተመልካቹ ዓይን ጋር እንዲስተካከል ሰሌዳውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፤ ከላይ ቁልቁል የሚታይ ሐይቅ ሳህን ይመስላል። መብራቱ ከተመልካቹ በኩል ይምጣ፤ ወደ ሰሜን እያየን ነውና ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐዩ ከኋላችን ነው፣ የግራሩ ጥላም ወደ ዳራው ይወድቃል።

ውኃው የመጨረሻው ሥራ ነው። ያልደረቀው ጥግ የተፈጠረው ሁለቱ ፈሳሾች፣ ሬዚኑና ማጠንከሪያው፣ በደንብ ስላልተዋሐዱ ነው፤ ከጽዋው ግድግዳና ሥር የተጣበቀው ሳይታሽ ወደዚያ ጥግ ፈስሷል። ጓንት አድርገው፣ መስኮት ከፍተው ይፈቅፍቁት፣ ቅሪቱን በአልኮል ይጥረጉ። የነጣውን መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ይጠቡ፤ ከብርድና ከእርጥበት የመጣ የላይ ሽፋን ብቻ ከሆነ ይለቃል። ካልለቀቀ እርጥበቱ የመጣው በደንብ ካልደረቀው ጀሶ ስለሆነ ንጣቱ ከውስጥ ነው። ያኔ ቁጥር 240 የብርጭቆ ወረቀት ፈገፍግ አድርገውበት አዲስ የሐይቅ ወለል አድርገው ይቁጠሩት።

በላዩ ወለሉን እንደገና ይቀቡ፦ ዳርቻው አፈርማ፣ ወደ ፊት ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ሲመጣ ቀስ እያለ ግራጫ አረንጓዴ። የስዊስ ሐይቅ ሰማያዊ እዚህ ቦታ የለውም። ጥልቀቱን የሚሰጠው ይህ ቀለም ነው እንጂ የሬዚኑ ውፍረት አይደለም። የደረቁትን ግራሮች ያለ ቅጠል፣ በነጣ ግራጫ ቀብተው፣ ቀዳዳ በስተው ይትከሏቸውና ግንዳቸውን በቫርኒሽ ይድፈኑት፤ ያልተደፈነ ግንድ አየሩን ሬዚኑ ውስጥ ይተፋል። የሐይቁ ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ቀጭን የነጭ ጠመኔ ዱቄት በጣት ዳበስ ያድርጉ። የምግብ ሶዳ አይጠቀሙ፣ ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ይለወጣል። የሰሌዳውን ፊት በፕላስቲክ ቁራጭ ይክበቡት፣ ስፌቱን በአክሪሊክ ማሸጊያ ይድፈኑና መጀመሪያ ውኃ ሳይሆን የሬዚን ስስ ጭረት በስፌቱ አፍስሰው መፍሰሱን ይፈትሹ።

60 በ25 ሴ.ሜ. ለሆነ ውኃ በ3 ሚ.ሜ. ውፍረት 450 ሚ.ሊ. ሬዚን ያስፈልጋል፤ ሐይቁ 120ውን ሴንቲ ሜትር ሁሉ ከያዘ እጥፉ። ከ3 ሚ.ሜ. በላይ በአንድ ጊዜ አያፍስሱ፤ ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀት ከሥሩ ያለውን ፎም ያሟሟዋል። ልኬቱን ጣሳው ላይ በተጻፈው መሠረት በዓይን ሳይሆን በሚዛን ይውሰዱ። አራት ደቂቃ ቀስ ብለው ያማስሉ፣ ወደ ሁለተኛ ንጹሕ ጽዋ ገልብጠው አንድ ደቂቃ ይድገሙ። ክፍሉ ከ20 ዲግሪ በታች አይሁን። ካፈሰሱ በኋላ አቧራ እንዳይቀመጥበት በካርቶን ሸፍነው 48 ሰዓት ይተዉት። በዳርቻው 3 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ላይ ተስቦ የሚያበራ ጠርዝ ይተዋል፤ እሱን በደብዛዛ ቫርኒሽ ይግደሉት። ሞገዱን የሚሠሩት ከዚያ በኋላ፣ አብረቅራቂ አክሪሊክ ጄል በብሩሽ ጫፍ እያስነኩ ነው። የ10 ሴ.ሜ. ሞገድ በዚህ ልኬት ከ1 ሚ.ሜ. ትንሽ ይበልጣል፤ ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጉት ሐይቁ ባሕር ይሆንብዎታል።